ታማሚው ሲወጣ መድኃኒቱም አብሮት ይውጣ



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ያለበት ቤት ብቻ የሚያውቀው፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ተብሎ የሚደበቅ ነው። ለቁስል፣ ለስብራት ወይም ለኩላሊት ጠጠር ተብሎ የተጀመረ ማስታገሻ፣ ሕመሙ ካለፈ በኋላም አልለቅ ያላቸው ሰዎች አሉ። በተለይ ትራማዶል። እነዚህ ሰዎች ሆስፒታል ሲገቡ እናክማቸዋለን፤ ሲወጡ ግን እንተዋቸዋለን። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፣ ሌላው ሁሉ ማብራሪያው ነው፦ ታማሚው ከሆስፒታል ሲወጣ የሱሱ መድኃኒት አብሮት መውጣት አለበት፤ የሚቀጥለውንም በቅርቡ ካለ ጤና ተቋም ማግኘት አለበት።

ትራማዶል ጀርመን አገር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1977 ለገበያ የዋለ መድኃኒት ነው። ከሞርፊን፣ ከፔቲዲንና ከኮዴይን ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ በሕክምናው ቋንቋ ኦፒዮይድ ይባላሉ። ክፉ መድኃኒት አይደለም። ሆዱ ተቀድዶ የተሰፋ ሰው ሌሊቱን እንዲተኛ፣ እግሩ የተሰበረ ሰው ጎኑን እንዲያገላብጥ ያደርጋል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሱስን ስናወግዝ ሕመምተኛውን አብረን እንዳንቀጣ ስለምሰጋ ነው። በአገራችን የካንሰር ሥቃይ እያንገላታቸው በቂ ማስታገሻ ሳያገኙ የሚያልፉ ወገኖች ብዙ ናቸው። ፍርሃታችን እነሱን ከነአካቴው ማስታገሻ የሚያሳጣ ከሆነ ከአንዱ ጥፋት ወደ ሌላው መዝለል ነው።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ሞርፊንና በኋላ የማነሣው ሜታዶን እ.ኤ.አ. በ1961 በተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነት ጥብቅ ቁጥጥር ሥር ናቸው። ትራማዶል በዚያ ዝርዝር ውስጥ አልገባም። ስለዚህ ከአገር ወደ አገር እንደ ማንኛውም ሸቀጥ ሲዘዋወር ኖሯል። ግብፅ፣ ናይጄሪያና ጋና ዳፋውን ከሁላችንም በፊት ቀምሰውታል። እዚያ ወጣቱ ለሕመም ብቻ አይደለም የሚውጠው፤ ድካም እንዳይሰማው፣ ቀን ሙሉ ሸክም ተሸክሞ ለመዋል፣ ሌሊቱን መኪና ለመንዳት ነው። መጠኑን ሲያበዛው ደግሞ ትራማዶል የሚጥል በሽታ የያዘው እስኪመስል ድረስ ሰውን ያንዘፈዝፋል። ለአዋቂ የሚፈቀደው ጣሪያ በቀን 400 ሚሊ ግራም፣ ማለትም የ50ው ክኒን 8 ፍሬ ነው። ከዚያ በላይ የሚወስድ ሰው በየቀኑ ሕይወቱን እያስያዘ ነው።

የእኛ አካባቢ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና አካባቢዋ በሰሜኑ ጦርነት ውስጥ ነበሩ። ሆስፒታሉ ተዘረፈ፤ ጤና ጣቢያዎችና ጤና ኬላዎች ባዶ ቀሩ። በዚያ ወራት የቆሰለ ሰው የሚታከምበት አልጋ አልነበረም፤ የሚገኘው እጅ ላይ ያለ ክኒን ነበር። ከዚያ ወዲህም ሰላም አልተረጋጋም፤ ከ2015 ክረምት ጀምሮ መንገዱ እየተከፈተና እየተዘጋ ነው። ሌላው የእኛ ታሪክ የባሕር ማዶ ነው። ሐብሩና ራያ ቆቦ ልጆቻቸውን በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ሲልኩ ስንት ዘመናቸው ነው? በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ሳዑዲ ከ150,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን በጥቂት ወራት ውስጥ ስትመልስ የዚህ አካባቢ ልጆችም ነበሩበት። በጉዞው የተሰበረ፣ የተደበደበ፣ ወገቡ ላይ ሕመም ይዞ የተመለሰ ሰው ማስታገሻ ሲለምድ አንገረም። ከደሴ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ላይ በመኪናና በሞተር ሳይክል የሚጎዳውንም እዚህ ላይ ጨምሩበት።

አሁን ክኒኑ ሲቀር የሚመጣው ሐራራ ምን እንደሚመስል ቀረብ ብለን እንየው፤ ያላየ ሰው ሰበብ ይመስለዋልና። የመጨረሻዋን ክኒን ከዋጠ ከግማሽ ቀን እስከ አንድ ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ሰውየው ማዛጋት ይጀምራል። እንቅልፍ ያማረው ይመስላል፣ ግን አይተኛም። ዓይኑ ያለቅሳል፣ አፍንጫው ይፈሳል፤ ላብ ያጠምቀዋል፣ ወዲያው ደግሞ ይበርደውና የክንዱ ጠጉር ይቆማል። ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ያስቀምጠዋል። እግሩን የሚያሳርፍበት ያጣል፤ ፍራሹ ላይ ሲገላበጥ፣ ሲነሣ፣ ሲቀመጥ ያነጋል። ትራማዶል ደግሞ ስሜት ላይም ስለሚሠራ ጭንቀትና ድንጋጤ ይጨምርበታል። ቆላ ላይ ያለ ቤተሰብ ወባ ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይብስበታል፤ ሳምንት ሲሞላ መቅለል ይጀምራል።

ታዲያ ሳምንት ታግሦ መዳን ነው? አይደለም፤ የብዙዎቻችን ስሕተት የሚጀምረው እዚህ ነው። በሳምንት የሚያልፈው የሰውነት ሐራራ ነው። አእምሮ ውስጥ የቀረው ፍላጎት ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያል። ገንዘብ እጅ ሲገባ፣ ጭቅጭቅ ሲነሣ፣ የድሮ ጓደኛ በመንገድ ሲያልፍ ይቀሰቀሳል። «ወኔ የለውም» የምንለው ሰው ወኔ አንሶት አይደለም፤ ሕመሙ ገና ስላልታከመ ነው።

እስቲ አንድ ልጅ በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉ። ጊራና በኩል ያለ የ27 ዓመት ወጣት ነው እንበል፤ አትክልትና ፍራፍሬ ወደ መርሳ ገበያ ያወርዳል። ከሁለት ዓመት በፊት ትከሻው ተሰብሮ ትራማዶል ለመደ። አሁን በቀን 10 ፍሬ ይውጣል። አንድ ቀን ሞተር ሳይክል ይገለብጠውና ጭኑ ተሰብሮ ወልድያ ሆስፒታል ይገባል። አጥንቱ ይገጠማል፣ ቁስሉ ይታጠባል። በሦስተኛው ቀን ሲነጫነጭ፣ ሲያልበው፣ ነርሶቹን ሲቆጣ ያዩት «አስቸጋሪ ታማሚ» ይሉታል። ስለ ክኒኑ ማንም አልጠየቀውም፣ እሱም አፍሮ አልተናገረም። ሦስት ሳምንት ተኝቶ መውጫ ወረቀት ይሰጠዋል። ወረቀቱ ላይ የአጥንቱ ቀጠሮ ተጽፏል፤ ስለ ሱሱ አንዲት መስመር የለችም።

ይህ ልጅ ከሆስፒታሉ በር የሚወጣበት ቀን ከሁሉ የከፋ አደጋ የሚጠብቀው ቀን ነው። ምክንያቱን ልብ በሉልኝ። በቀን 10 ፍሬ ሲወስድ ሰውነቱ ተላምዶት ነበር። በእነዚህ ሦስት ሳምንታት ልምዱ ቀንሷል፤ ፍላጎቱ ግን አልቀነሰም። ቤቱ ገብቶ የድሮውን 10 ፍሬ በአንድ ጊዜ ቢውጥ ሰውነቱ አይችለውም። በተለይ ከአረቄ ወይም ዳያዜፓም ከሚባለው የማረጋጊያ ክኒን ጋር ከተገናኘ ትንፋሹ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ወይም ይንዘፈዘፋል። በሞርፊን፣ በፔቲዲንና በሄሮይን ሲሆን አደጋው የባሰ ነው። ከሆስፒታል፣ ከእስር ቤት ወይም ከማገገሚያ ከወጡ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በመላው ዓለም የሚፈሩት ለዚህ ነው። ቦዩን ሳይጠርግ ውሃ የለቀቀ ገበሬ ማሳው ሲጠረግ ያያል፤ እኛም ታማሚውን የምንለቀው እንደዚያ ነው።

መድኃኒት አለ ወይ? አለ፤ አዲስም አይደለም። ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ሜታዶን ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1965 ኒው ዮርክ ላይ ሁለት ሐኪሞች ዶል እና ናይስዋንደር ለሱስ ሕክምና እንደሚሆን አሳዩ። በቀን አንድ ጊዜ የሚጠጣ ፈሳሽ ነው፤ ቀስ ብሎ ይሠራል፣ ሙሉ ቀን ሐራራን ይይዛል። ሁለተኛው ቡፕረኖርፊን ነው፤ ከምላስ ሥር ተቀምጦ ይሟሟል። የኋለኛው ትልቅ ጥቅም ትንፋሽን የሚያዳክመው እስከ ተወሰነ ልክ ብቻ መሆኑ ነው፤ መጠኑ ቢጨመርም አደጋው በዚያው ልክ አይጨምርም። የዓለም ጤና ድርጅት ሁለቱንም እ.ኤ.አ. በ2005 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷቸዋል። ልብ በሉ፣ ለቅንጦት ሳይሆን ማንኛውም የጤና ሥርዓት ሊኖረው ይገባል ተብለው ነው።

«ታዲያ ሱስን በሱስ መተካት አይደለም ወይ?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል፤ ከቅን ልብ የሚመጣ ጥያቄ ስለሆነ አላጣጥለውም። መልሱን በሰውየው ውሎ እዩት። በሱስ ላይ ያለ ሰው ቀኑ በሙሉ ክኒን ፍለጋ ነው፤ ጧት ሐራራ፣ ቀትር ላይ ብድር፣ ማታ ስካር። በትክክለኛ መጠን ሜታዶን ወይም ቡፕረኖርፊን የሚወስድ ሰው አይሰክርም፤ ጧት መድኃኒቱን ወስዶ ወደ ማሳው ይሄዳል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ጠቅላላ ሐኪሞች ቡፕረኖርፊን እንዲያዝዙ ስትፈቅድ፣ በአራት ዓመት ውስጥ መጠን አልፎ የሚሞተው ሰው ቁጥር በ79 በመቶ ወረደ። ይህን የሚያህል ነፍስ የሚያተርፍ ነገር ሱስ ብሎ መጥራት ለእኔ ይከብደኛል።

ሩቅ ነው እንዳትሉ፣ ጎረቤቶቻችን ይዘውታል። ታንዛኒያ እ.ኤ.አ. በ2011 ዳሬ ሰላም በሚገኘው ሙሂምቢሊ ሆስፒታል ሜታዶን መስጠት ጀመረች። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ናይሮቢ ላይ ተከተለች።

አሁን ወደ ሆስፒታሉ በር እንመለስ። አሜሪካ ውስጥ በተደረገ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት በሌላ ሕመም ሆስፒታል የተኙ 139 የኦፒዮይድ ሱስ ያለባቸው ሰዎች በሁለት ተከፈሉ። አንዱ ወገን እዚያው አልጋ ላይ እያለ በአምስት ቀን ውስጥ እየተቀነሰ የሚቆም ቡፕረኖርፊን ተሰጠው፤ ከዚያ ሕክምና የሚያገኝበት መረጃ ይዞ ተሸኘ። ሌላው ወገን ቡፕረኖርፊን አልጋው ላይ ጀመረ፣ መድኃኒቱም ሳይቋረጥ ወደ መደበኛ ክሊኒክ ተሻገረ። ከመጀመሪያው ወገን ከወጣ በኋላ ወደ ቡፕረኖርፊን ሕክምና የገባው 12 በመቶ ገደማ ነበር፤ ከሁለተኛው 72 በመቶ። ሰዎቹ አልተለያዩም። የተለየው መድኃኒቱ አብሮ መውጣቱና የሚቀበለው ሰው ወዲያ ማዶ መኖሩ ነው። ይህን ቁጥር ለጤና ቢሮ ኃላፊዎች ሁሉ ብነግራቸው ደስ ይለኛል።

እኛ ጋ ምን አለ? በሱስ ሕክምና ስማቸው የሚነሣው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ናቸው፤ ሁለቱም አዲስ አበባ። ከወልድያ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለጊራናው ልጅ ሪፈር ተጽፎለት አዲስ አበባ ሂድ ቢባል፣ የትራንስፖርቱን፣ የአልጋውን፣ የአስታማሚውን ወጪ አስቡት፤ የመንገዱን ሥጋት ደግሞ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። እንዲህ ያለው ሪፈር ወረቀት ብቻ ሆኖ ኪስ ውስጥ ያልቃል። ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን መርሳና ውርጌሳ ባሉ ጤና ጣቢያዎች መደርደሪያ ላይ የሉም።

ግን ይህ ሕዝብ ከዚህ የከበደ ነገር ሠርቶ ያውቃል። በጥር 1997 ዓ.ም. የኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር ብዙ ሰው «ገጠር ያለ ሰው መድኃኒት በሰዓቱ መዋጥ አይችልም» ይል ነበር። ተሳስቷል። መጀመሪያ በትልልቅ ሆስፒታሎች ብቻ ነበር፤ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ ወረደ፣ ነርሶች ሠልጥነው መድኃኒቱን ማስጀመር ቻሉ፤ መድኃኒቱን ያቋረጠውን ቤቱ ድረስ ሄደው የሚፈልጉ ሰዎች ተመደቡ። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ደግሞ ሕክምናው የተረጋጋለት ሰው የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ይዞ ይሄዳል። በዚህ አዳራሽ ውስጥ በዚያ መድኃኒት በሕይወት ያለ ወገን እንደሚኖር አልጠራጠርም፤ ዕድሜ ይስጥልን። መንገዱ ተጠርጎ ያለቀ ነው፤ የቀረን ሌላ መድኃኒት መጫን ነው።

የአእምሮ ጤናም ቢሆን ተሞክሯል። ጉራጌ ዞን ውስጥ በተደረገ ሰፊ ጥናት ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በቅርባቸው ባለ ጤና ጣቢያ፣ በሠለጠኑ ጠቅላላ ባለሙያዎች ሲታከሙ ውጤታቸው ሆስፒታል ሄደው በአእምሮ ሕክምና ነርስ ከሚታከሙት ያነሰ አልነበረም። ልዩ ሐኪም እስኪመጣ መጠበቅ የለብንም ማለት ነው።

ስለዚህ ምን ይደረግ? የመጀመሪያው ነገር ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፤ ታማሚው ሲተኛ መጠየቅ ነው። «ማስታገሻ ትወስዳለህ? በቀን ስንት? ካልወሰድክ ምን ይሰማሃል?» የሚሉ ጥያቄዎች ከደም ግፊቱና ከሙቀቱ ጋር ይጠየቁ፤ ያለ ቁጣ፣ ፖሊስ ሳይጠራ፣ አጠገብ ያለው አልጋ ሳይሰማ። ሁለተኛው ስልክ ነው። ከመውጫው ቀን በፊት የወልድያ ባለሙያ ለመርሳው ጤና ጣቢያ ይደውል፦ እገሌ ሐሙስ ይወጣል፣ ይህን ያህል እየወሰደ ነው፣ ዓርብ ይመጣላችኋል፣ ካልመጣ ፈልጉት። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች አሉን፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፣ የእያንዳንዱን ቤት ደጃፍ ያውቃሉ። ነፍሰ ጡሯን የሚከታተሉ እህቶቻችን ይህንንም ልጅ ሊከታተሉት ይችላሉ፤ ሥራቸው ላይ ሥራ ስንጨምር ግን ሥልጠናውንና አበሉን አብረን እንስጣቸው።

መድኃኒቱን በተመለከተ የራሴን አስተያየት ልናገር። በትንሽ መጠን ለለመደ ሰው ቡፕረኖርፊን ላያስፈልገው ይችላል፤ የሚወስደውን ትራማዶል በባለሙያ ቁጥጥር በየሳምንቱ እየቀነሱ ማውረድ ይበቃዋል። ይህን ዛሬውኑ፣ ባለን መድኃኒት መጀመር እንችላለን፤ ከሆስፒታል የሚወጣው ሰው የሁለት ሳምንቱን የመቀነሻ መጠን ተቆጥሮ ታሽጎ ይሰጠው፤ ቤተሰቡ ይያዝለት። ደጋግሞ አቁሞ ደጋግሞ ለተመለሰ፣ ወይም በመርፌ ለሚወስድ ሰው ግን ይህ አይበቃም። ለእሱ ከሁለቱ ቡፕረኖርፊንን አስቀድሜ እመርጣለሁ፤ ሜታዶን በየቀኑ ባለሙያ ፊት መጠጣት ስላለበት ከጊራና መርሳ በየቀኑ መመላለስን ይጠይቃል፣ በመጠንም ስሕተት አይወድም። ቡፕረኖርፊን ሲረጋጋ የሳምንት መያዝ ይቻላል። በአገራችን ሕግ እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች በልዩ ማዘዣ፣ በተመዘገበ ቁልፍ ሣጥን ውስጥ ነው የሚያዙት፤ ይህ ሥርዓት ይኑር፣ ትክክል ነው። ነገር ግን ቁልፉን መርሳ ላይ የሚይዝ አንድ የሠለጠነ ሰው ማብቃት ከባድ አይደለም። የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ደሴ ላይ ቅርንጫፍ አለው፤ ደሴና ወልድያ የሚራራቁት 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ሲዘጋ ሕክምናው እንዳይቋረጥ ወልድያ ላይ የወራት መጠባበቂያ ይቀመጥ። በእንዲህ ያለ ሕክምና ላይ ድንገተኛ መቋረጥ ከጅምሩ አለመጀመርን ያህል ይጎዳል። መጠን ላለፈበት ሰው ትንፋሽ የሚመልሰው ናሎክሶን የሚባል መርፌም ከድንገተኛ ክፍል አይጥፋ፤ ጤና ጣቢያም ይድረስ።

ክፍያውስ? የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአገሪቱ በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ከእነዚህ አንዷ ጎረቤታችን ተሁለደሬ ነበረች። ወሎ ይህን ነገር ከመጀመሪያው ያውቀዋል። የሱስ ሕክምና በዚያው ካርድ እንዲሸፈን መጠየቅ መብታችን ነው።

የእምነት አባቶች እዚህ ስላላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በዚህ አገር ሰው ከሐኪም በፊት ወደ ጠበል፣ ወደ ዱዓ ይሄዳል፤ ይሂድ፣ መጽናናቱንም ጓደኝነቱንም እዚያ ያገኛል። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው እንደሚሄዱ በአደባባይ ተናግረው ስንት ነፍስ እንዳተረፉ ታውቃላችሁ። ዛሬም አንድ ቄስ ወይም አንድ ሼህ «መድኃኒትህን ሳታቋርጥ ና» ቢሉ፣ እኛ በነጭ ጋወን የምንለፈልፈው በዓመት የማይደርስበት ይደርሳሉ። አብሮ የሚኖር ሕዝብ ነን፤ በዚህም አብረን እንቁም።

የመድኃኒት ቤት ባለቤቶች ሆይ፣ ያለ ማዘዣ የምትሸጡት እሽግ የማን ልጅ እጅ እንደሚገባ ታውቃላችሁ። ነገር ግን ለምዶ የመጣውን በስድብ አትመልሱት፤ ከእናንተ ካጣ ወደ ባሰ ቦታ ነው የሚሄደው። ወደ ጤና ጣቢያ ላኩት፣ ከቻላችሁ አብራችሁት ሂዱ።

እናቶችና አባቶች፣ እስከዚያው ድረስ ቤታችሁ ውስጥ ያለውን ሰው ክኒኑን በድንገት አታስጥሉት፤ አትቆልፉበት፣ አትሰሩት። ከሆስፒታል የወጣ ከሆነ የድሮውን መጠን እንዳይወስድ ንገሩት፣ ለብቻውም አታሳድሩት። ከወሰደ በኋላ ስትጠሩት የማይነቃ፣ ትንፋሹ የራቀ፣ ከንፈሩ የጠቆረ ከሆነ በጎኑ አስተኙትና ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ተቋም አድርሱት፤ የወሰደውን አትደብቁ። ወደ እኛ ስትመጡ ባዶውን የክኒን ማሸጊያ ይዛችሁ ኑ፤ ስሙንና ሚሊ ግራሙን ከእሱ ላይ እናነባለን። በቀን ስንት እንደሚወስድ፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚወስድ፣ መጨረሻ የወሰደው መቼ እንደሆነ ንገሩን። ከየት አመጣው ብለን አንጠይቅም።